በልቦለድህ ውስጥ ያለችው አዝራር ሻጭ

ውድ ወንድሜ፣

መጽሐፍህ ደርሶኛል። የደረሰኝ ግን ካንተ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው ያመጡልኝ፤ አንዱን ገጽ በጨርቅ ጠመኔ አስምረውበት።

ዕቃን ገልብጬ ሳላይ ዋጋ እንደማልናገር ታውቃለህ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የምጽፍልህ።

ሬዲዮ ላይ አንድ ምሁር ምዕራፎችህ ያጠሩት «የዘመኑን መሰባበር ለማሳየት» ነው ሲል ሰምቼ ሳቅኩ። ያጠሩት በአዝራር ካርቶን ጀርባ ላይ ስለጻፍካቸው ነው። ካርቶኑ ሲያልቅ ምዕራፉም ያልቅ ነበር። በመጽሐፍህ ዝናብ ይሰማል እንጂ አይታይም፤ ከሱቄ ጓዳ፣ ከገበር ጨርቁ ጥቅል ኋላ አሥራ አራት ወር ከቤት ለቤት አሰሳው ስትደበቅ መስኮት አልነበረህማ።

መንገዱንም ያየኸው በእኔ ዓይን ነው። ለምሳ ስዘጋ የቀን ማስታወሻዬን ይዤልህ እገባለሁ። «እትዬ፣ ዛሬ ማን አለፈ?» ትላለህ። ፀጉር አስተካካዩ ከሚስቱ ጋር ሊጨቃጨቅ ወጥቶ ደንበኛውን በግማሽ ጢም ትቶት እንደቀረ ሳነብልህ፣ ድምፅህ እንዳይሰማ ትራስ ነክሰህ ሳቅክ።

አንድ ቀን ግን የማያስቅ ገጽ አነበብኩልህ። ገበር ላደርስ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገብቼ ነበር። የማያውቁትን ደንበኛ ትከሻ እየለኩ፣ «የእኔ ልጅ እንደ ሌሎቹ ጅል አይደለም፤ አሳሾቹ እዚህ ሲፈልጉት እሱ አክስቱ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተቀምጦ መጽሐፉን ያነባል» ሲሉ ሰማሁ። እንዲያቆሙ ብዬ ሳልኩ። አልገባቸውም። በሦስተኛው ቀን ልጁን ከዚያው ቤት ወሰዱት። አልተመለሰም። ደንበኛውም ሱፉን ሊወስድ አልመጣም። ሽማግሌው ግን ሁለቱን ነገር እስከ ዛሬ አላገናኙትም።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አልከኝ። አልነገርኩም። አንተ ግን ነገርክ፣ ያውም አጣመህ። በመጽሐፍህ ልብስ ሰፊው ዝምተኛና ጥበበኛ ሆነዋል፤ ልጁን የምታስይዘው ሁሉን በደብተር የምትመዘግብ፣ ስትስል ምልክት የምትሰጥ አዝራር ሻጭ ናት።

ለምን እንዳደረግከው ይገባኛል። ልጁ አብሮ አደግህ ነበር፤ ጥፋቱን አባቱ ላይ ለመጣል እጅህ እምቢ አለህ። ታሪኩ ደግሞ ጥፋተኛ ፈለገ። ዙሪያህን ስታይ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሰፈሩ ቀለደ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ «ቀስ ብላችሁ አውሩ፣ ትጽፈናለች!» ይላል። ቆይቶ ቀልዱ ቀረ፣ ደንበኛም አብሮት ቀረ። በር ላይ ብቆም «ሰለለች»፣ ወደ ውስጥ ብገባ «አፈረች» ተባልኩ።

ከዚያ ሽማግሌው መጽሐፉን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«ልቦለድ እኮ ነው፣ አባባ።»

«ሱቁ ያንቺ፣ ደብተሩ ያንቺ፣ ሳሉ እንኳ ያንቺ። ጥፋቱ ብቻ ነው ፈጠራ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«እሺ። የዚያን ጊዜውን ደብተር አሳዪኝና አምንሻለሁ።»

እስከ ቅዳሜ ቀጠርኳቸው። ሦስት ቀን ነገሩን ገለባበጥኩት። ገጹን ብተወው ልጃቸውን ያስያዘው የገዛ አፋቸው መሆኑን ያነባሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ገጹን ብቀድደው በራሴ ላይ አስፈረድኩ። ደብተሩን ባቃጥል ባሰ። ሌላ ገጽ ልጻፍበትም አልኩ፤ ግን የጨርቅን እርጅና በጣታቸው ዳብሰው የሚለዩ ሰው አዲስ ቀለም አያታልላቸውም።

አሁን ደግሞ ለአንተም ያላነበብኩልህን ልንገርህ። የሽማግሌውን ወሬ በሰማሁ ቀን ለልጁ አክስት መልእክት ልልክ ተነስቼ ነበር። የሱቄ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ጓዳዬ ውስጥ አንተ ነበርክ፤ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳልገባ ፈራሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አዝራር እየሸጥኩ ዝም አልኩ። ይህን ደብተሬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ስለዚህ መጽሐፍህ ጨርሶ ዋሽቷል አልልም፤ ሳታውቀው ደርሰህበታል።

ቅዳሜ ገጹን ቀድጄ ደብተሩን ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን እያራሱ ቀስ ብለው ገለጡ። ቦታው ላይ ሲደርሱ የተቀደደውን ጠርዝ፣ ስፌት እንደሚመረምሩ ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ደብተሩን ዘግተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ልጄ ስልሽ» አሉ፤ ወጡ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ታድነኝ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረች።

ማክሰኞ ዕለት ክር አልቆባቸው በራቸው ላይ ሲቆሙ አየሁ። ወደ እኔ ሦስት እርምጃ ያህል መጡ። ቆሙ። ከዚያ ዞረው እስከ ገበያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

ገጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። እኔ ዘንድ መኖር የለበትም። ይቅርታ ጠይቀህ እንዳትጽፍልኝ፤ በጋዜጣም «ሴትዮዋ ንጹሕ ናት» እንዳትል፤ «ታዲያ ማነው?» ይላሉ። ሴትዮዋን ከየት አመጣሃት ካሉህ «ከራሴ» በል። መጽሐፉ እንደገና ከታተመም እንዳለች ተዋት። እሳቸው ካለፉ በኋላ፣ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ ይህን ገጽ ሳትቀንስ ሳትጨምር አውጣው፤ እስከ ሱቄ በር ደርሼ መመለሴንም ከሥሩ ጻፍ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ብትነካ ግን እህት የለህም።

ሱቋን ዛሬም በሰዓቱ የምትከፍተው፣
እህትህ