ስሜን ይዘህ የዞርክበት ግቢ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በርበሬ በረንዳ እንደምታውቀው ነው። እማዬ ዛሬም በርበሬ የሚቦንበትን የሱቅ ካፖርቴን በር ላይ ሳታስወልቅ ቤት አታስገባኝም። ተራችን ፈርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው ተብሎ ባለሱቁ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። አንተ ብትኖር ግማሹን ሰው አስቀህ ትበትነው ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሰሚራ ነው። ትንሿ ልጅህ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። እኔ ደግሞ አትሄጂም አልኳት። ሶማሌ ተራ አጠገብ ከታች ባንክ፣ ከላይ ኮሌጅ የሆነ ፎቅ ተሠርቷል። በአንድ ክፍል ሠላሳ ተማሪ ብቻ ነው፤ መምህሩም ሁሉንም በስም ያውቃል፤ እዚያ ግቢ አልኳት። ሰሚራን ታውቃታለህ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ናት። ስንት መቶ ተማሪ በተጨናነቀበት አዳራሽ ማን ያያታል? ብትቀርስ ማን የት ገባች ይላል?

ይህን የማውቀው ከራሴ ነው አባዬ። በሕይወት ሳለህ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ያኔ የተውኩት ወገብህን ስላመመህ አልነበረም። ገና በመጀመሪያው ወር ትምህርቱ አልገባኝ አለ። የምቀመጠው ከኋላ ስለነበር ሰሌዳው እንኳ በደንብ አይታየኝም። አንድ ቀን ቀረሁ፤ የጠየቀኝ የለም። በማግስቱም ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ይዤ እየወጣሁ ፒያሳ ስዞር እውል ጀመር። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ መጥቼ፣ አንተን ላግዝ ብዬ ትቼዋለሁ አልኩህ። አንተም አንዱን ጆንያ ገፋ አድርገህ መቀመጫ አበጀህልኝ። ጎረቤቱ የተባረከ ልጅ እያለ ሲመርቀኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለሰሚራ ነገርኳት፤ ትፈራና ትተወዋለች ብዬ ነው። ሰማችኝና፣ «አባዬ እኮ ያውቅ ነበር። አብረን ሄደን ፈልገንሃል» አለችኝ።

ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከጁምዓ ሰላት በቀር ሱቅ ዘግተህ የማታውቀው ሰውዬ በአዘቦት ቀን ዘግተህ፣ እጇን ይዘህ፣ በዚያው በሥራ ካፖርትህ ሄድክ። በር ላይ ዘበኛውን ጠየቅህ። ከዚያ ካንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እያልክ፣ በየደረስክበት ስሜን እስከ አያቴ ድረስ እየጠራህ ዞርክ። ሬጅስትራር ቢሮ ያለችው ሴትዮ ከካፖርትህ በሚቦነው በርበሬ እያስነጠሰች መዝገብ ስታገላብጥ፣ ሰሚራ ሳቋ አምልጧት ቆንጥጠሃታል። በመጨረሻ መምህሬን አገኛችሁ። የስም ዝርዝሩን አይቶ፣ ይህ ልጅ ከቀረ ሁለት ወሩ ነው አለህ። አመስግነህ ወጣህ። በር ላይ ብስኩት ገዛህላትና፣ እንዳትነግሪው፣ ራሱ ይንገረኝ አልካት። ይህችን አደራ አሥር ዓመት ጠበቀችልህ።

ማንም ማንንም አያገኝበትም ያልኩትን ግቢ፣ ፊደል ያልቆጠርከው አንተ በግማሽ ቀን አዳረስከው። ትዝ ይልሃል፣ ልጅ ሆኜ አርብ ቀን አንዋር መስጊድ ጋ ከሰጋጁ መሐል ጠፍቼብህ ስታገኘኝ፣ ባለሱቆቹን ሳልጠይቅ ዝም ብዬ በመሄዴ ነበር የተቆጣኸኝ። መርካቶ ጠይቆ የጠፋ ሰው የለም አልከኝ። እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ እንኳ አልጠየቅኩም። ትልቅ ቦታ ፈልጎህ አይመጣም፤ ይኼ እውነት ነው። የቀረውን የራሴን ጥፋት ግን በግቢው ሳሳብብ ኖርኩ።

ትናንት ለምዝገባ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ሸኘኋት። ልግባና ላሳይሽ ብላት፣ ሬጅስትራሩን ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ ብላ ሳቀችብኝ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየኋት። ትንሽ ሄዳ ቆመች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ አንዲት ልጅ ጠጋ አለችና ጠየቀቻት። ሁለቱም ተያይዘው ሲሄዱ እንባዬ መጣ።

አባዬ፣ እኔን አንድም ቀን ሳታሳፍረኝ እስክነግርህ ስትጠብቅ አለፍክ። ዘግይቼም ቢሆን ይኸው ነገርኩህ። ከእንግዲህ አርብ አርብ ዱዓ ሳደርግልህ፣ አንተ የኔን ስም በየቢሮው እንደጠራኸው፣ ስምህን እስከ አያትህ እጠራዋለሁ።

ልጅህ ነስሩ