በአንድ እጅ የሚፈታ ቋጠሮ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባባስ እንዴት ነው? ቀኝ እጁ ትንሽ እንኳን መንቀሳቀስ ጀመረ ወይስ እንደዚያው ነው? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ያ ጣሪያስ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ወገቤ ይታዘበኛል። ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ “ሥራህን ትወደዋለህ ወይ?” ብለሽኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልሱን ሳመነዥግ ከረምኩ። አባባ በስልክ ሲጠይቀኝ “ሆስፒታል ነው የምሠራው” እያልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልፌዋለሁ። እሱ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ “ልጄ ሐኪሞቹ ዘንድ ነው” ይላል አሉ። አንቺን ግን አልዋሽሽም። የምሠራው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። መስኮት የለውም። ከማድረቂያው የሚወጣውን አንሶላና የሕሙማን ልብስ እያጠፍኩ እደረድራለሁ። ዛሬ ያጠፍኩት ነገ ቆሽሾ ይመለሳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሚሉት ይኸው ነው። አራት ዓመት! በሽተኛ የሚባል ሰው በዓይኔ አላየሁም፤ የማውቀው እድፉን ነው።

ደክሞኛል፣ እትዬ። ድካሙ የወገብ ብቻ ቢሆን ባልተነጫነጭኩ። የጨረሰኝ “ለማን ነው የምደክመው?” የሚለው ነው። መልቀቂያ ጽፌ ኪሴ ከተትኩ።

አባባ ልብስ ሰፊ በነበረ ጊዜ፣ ማሰሪያ ያለውን ልብስ ሁሉ ቋጥሮ ሲያስረክብ ትዝ ይልሻል? ያ አንዱን ጫፍ ስትስቢው የሚፈታው ቋጠሮ። አጥብቄ የቋጠርኩ እንደሆነ “የለባሹ አንድ እጅ ቢያዝስ?” እያለ በሜትሩ ጣቴን ይገርፈኝ ነበር። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ትስቂብኛለሽ። እዚህም የሕፃናቱን ልብስ፣ ጀርባው ላይ በክር የሚታሰረውን፣ ሳጥፍ እጄ በራሱ ጊዜ ይቋጥረዋል። ማንም አላዘዘኝም። የሥራ ጓደኞቼ “ቋጠሮ” ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት አለቃችን ሰዓት ይዞ አናቴ ላይ ቆመና “ጊዜ እያባከንክ ነው፣ ቋጠሮው ይቅር” አለኝ። እልህ ያዘኝ። እንኳን ቋጠሮው ሁሉም ይቅር ብዬ፣ ክሩን እንደተንዘላዘለ እያጠፍኩ መወርወር ጀመርኩ። መልቀቂያዬንም ዓርብ ላስገባ ቆረጥኩ።

ሐሙስ ዕለት ከሕፃናቱ ክፍል አንዲት ነርስ ወረደች። ጠና ያለች፣ ፈገግታ የማያውቃት ሴት ናት። “ሲቋጥር የነበረው ሰውዬ ለቀቀ እንዴ?” አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። ለካ ሳይቋጠር የሚሄደው ክር እርስ በርሱ ይተበተባል። ግሉኮስ የተሰካለትን ልጅ በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው እጇ የክር ውል ስትፈልግ ልጁ ራቁቱን በብርድ ይንቀጠቀጣል። የተቋጠረውን ግን ሳብ ስታደርገው ይፈታላታል። አለቃችንንም “ሰዓትህን ይዘህ ላይ ውጣና የልጁን ለቅሶ ለካ” አለችውና ሄደች። አመሰግናለሁ እንኳን አላለችኝም እኮ!

ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ቋጠርኩ። አሁን ሥራውን ወደድኩት አልልሽም፤ ወገቤም አልዳነ፣ ክፍሉም መስኮት አላወጣ። መልቀቂያዋን ግን ኪሴ ውስጥ ረስቻት ከሱሪዬ ጋር ታጠበች። ልብስ አጣቢ ኪሱን አያይ! ደግሜ አልጻፍኳትም።

ባለቤትሽን ጣሪያው ላይ ሲወጣ መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ይፈልግ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጽሕፈቷ ከእኔ እንደሚያምር ንገሪልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ።

ለአባባ እውነቱን ንገሪው፤ ሐኪሞቹ ዘንድ ሳይሆን ልብስ ማጠቢያ ነው በይው። ነርሷ ያለችውንም አንብቢለት። አንድ አደራ አለኝ። ሌላ ሰው ልብሱን ሲያወልቅለት ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር ጽፈሽልኝ ነበር። ቁልፍ ያለውን ሸሚዝ ተይው። በክር የሚታሰር አሰፊለትና በራሱ ቋጠሮ እሰሪለት፤ ስትስቂብኝ አይተሽ ተምረሻል። ከዚያ ጫፉን ግራ እጁ ላይ አድርጊለትና ዘወር በይ። ራሱ ይፍታው።

ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን