እናትህ ከላቸውን አውልቀዋል

ታሜ ዓለሜ፣

እዚህ ሰው አገር፣ ቴምቢሳ ሱቃችን ውስጥ አንተን በጥይት ከነጠቁኝ አምስት ወር አለፈ። ሬሳህ ወደ ሆሳዕና ሲሄድ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ አብሬህ መሄድ አልቻልኩም። ሱቁን ወንድምህ ይዞታል። እኔ ሜይፌር ክፍላችን ውስጥ ነኝ፤ አሁንም አልጋው ላይ ያንተን ቦታ ትቼ በጎኔ ነው የምተኛው።

አንተ ከሄድክ በኋላ የወር አበባዬ ቀረ። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልኩ። ከዚያ ሙቀት ጀመረኝ፤ በዚህ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ጃኬት ደርቦ፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሳራግብ አይተው ተጠቃቀሱ። እኔ ሐኪም ሳላይ አርግዛለች የሚለው ወሬ ሆሳዕና ገባልህ። እናትህ የዚያኑ ዕለት ከላቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እልል ተባለ አሉ።

ምን እዋሻለሁ፣ እኔም አመንኩ። ያን ትልቅ ጆሮህን እንዳይወርስ እንኳ ጸልዬ ነበር።

ሐኪሟ ሆዴን በመሣሪያ አየች፤ ምንም የለም። ደሜን ሁለት ጊዜ አስመርምራ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ማረጤን ነገረችኝ። ያ ኦፕራሲዮን ትዝ ይልሃል? አንዱን የእንቁላል ማምረቻዬን ከነእባጩ አወጡት፤ ከሌላው ላይ እባጩን ልጠው ሲያነሡ ብዙ እንቁላል አብሮ ሄዷል አለች። ሁሉም ሴት ላይ አይደርስም፤ አንዳንዷን ግን ከጊዜዋ በፊት እንድታርጥ ያደርጋታል። ያኔም ሐኪሙ ይህን ብሎን ነበር። እኛ ግን አንዱ ለመውለድ ይበቃል ያለውን ብቻ ሰምተን ወጣን። አንተማ አንድ መዝጊያው የተዘጋ ሱቅ አይሸጥም ወይ ብለህ አሳቅኸኝና ስፌቴን ይዤ ጮህኩ። ልጁንም መጀመሪያ ሱቁ በእግሩ ይቁም ብለን አቆየነው።

እናትህ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ስልኩን ሆድሽ ላይ አድርጊው ይሉኛል፤ አደርገዋለሁ። በሃዲይኛ ሲመርቁት እሰማለሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም፣ ታሜ። ብነግራቸው ያንኑ ጥቁር ልብስ እንደገና ሊለብሱ ነው፤ አንተኑ ሁለቴ ሊቀብሩ። ባልነግራቸው ደግሞ ወሩ ይቆጠራል።

ነገ እሑድ ነው። እነግራቸዋለሁ።

እኔ እስካለሁ አልረሳህም፤ ሳቅህንም፣ ጆሮህንም። ከእኔ በኋላ አባቴ የሚልህ ግን የለም።

ያንተው አስቴር