በደጁ ሲሚንቶ ላይ የበቀለው እንጉዳይ

አየነው ጌታዬ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ደጃፋችን ላይ ቆሟል። በሰው ፊት አንቱ፣ በጓዳችን አንተ እልህ ነበርና ዛሬም ብቻችንን እንደሆንን ቆጥሬ አንተ እያልሁ እጽፍልሃለሁ። ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህ፤ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፍህ፣ ስሳሳት እየሳቅህብኝ። እንግዲህ በዚያው ፊደል የማትወደውን ወሬ ልነግርህ ነው። ቻለው። እኔም ብዙ ችዬልሃለሁ።

የቤቱን ላስቀድም። ደኅና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። ልጃችን ይበልጣል ሙያህን ይዟል፤ «የአየነው ግንበኛው ልጅ ነው» ሲባል ዳንግላ ውስጥ የማይከፈትለት በር የለም። ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ ደረጃ እንዲሠራ ሰጥተውታል። ስትስቅ ታየኛለህ። የምሥራቁ አጥር ወድቆብኝ በባሕር ዛፍ አሳጥሬዋለሁ። የእናንተ የባንጃ ሰዎች ቀርከሃ እያለ ባሕር ዛፍ ምን ይባላል ብለው አሙኝ። ቀርከሃ ማየት አስጠልቶኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከዚህ ሳምንት ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። አንተ ብታውቀውም እኔ ካልደገምሁት አይወጣልኝም።

የእህል ነጋዴው የአቶ ፈንቴ ግቢ ከመንገዱ የሚለየው በዚያ ጥልቅ ቦይ ነው፤ ሰው ቁሞ ይውጠዋል። ክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ በዚያ ያልፋል። እህል የሚጭነው ኤንትሬ መኪና በእንጨት ርብራብ ላይ እየተሻገረ ሲገባ ርብራቡ ሁለት ጊዜ ተሰበረበት። ስለዚህ ከመንገዱ ተነሥቶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ እስከ መጋዘኑ በር የሚደርስ የሲሚንቶ ንጣፍ እንድትሠራለት ለመነህ። እንዲህ ያለ ደጅ በከተማው የነበረው ሰው አልነበረም። አቶ ፈንቴ ለንግድ ጫግኒ ወርዶ እስኪመለስ ንጣፉ አልቆ እንዲጠብቀው ቃል ገባህ።

ሲሚንቶው መጣ፤ ውስጡ የሚዘረጋው ብረት ቀረ። የጫነው መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆመ ተባለ። ዝናቡ እየደረሰ ነበር፤ አንተ ደግሞ ቃል ከምታጥፍ ሞትህን የምትመርጥ ሰው ነህ። አንድ ጠዋት ከባንጃ፣ ከወንድምህ ዘንድ፣ በሁለት ፈረስ ቀርከሃ ጭነህ መጣህ። የአጥር መስሎኝ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። እያሠርህ እንደ መረብ ቦዩ ላይ ስትዘረጋው ግን ገባኝ። ምን ነካህ ብልህ፣ የኛ ሰው ቤቱን የሚያቆመው በምንድን ነው፣ አያቴ የሠራው ቤት እስካሁን ቆሞ የለም ወይ፣ ቀርከሃ ከብረት አያንስም፣ ጠላቱ ውሃ ብቻ ነው አልኸኝ። ስትናደድ እንደምታደርገው ቀሪውን በአገውኛ አጉተመተምህ። ሠራተኞቹን ለማርያም በዓል አሰናብተሃቸው ነበርና በቦዩ ላይ ያለውን አንተና እኔ ብቻችንን ሞላነው። ውሃውን እኔ ቀዳሁ፤ ጠጠሩን እኔ አቀበልሁ። በበዓሏ ቀን በመሥራታችን ፈርቼ ነበር። አሁን የምፈራው ሌላውን ነው።

አቶ ፈንቴ ሲመለስ ንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ፣ በእግሩ መታ መታ አደረገና ይህማ ደጅ ሳይሆን የብረት ድልድይ ነው አለ። አንተ አቀርቅረህ ዕቃህን ታጥብ ነበር። አልዋሸህም፤ ዝም አልህ እንጂ። ብረቱ ኋላ ሲደርስ ለመጋዘኑ ምሰሶ አዋልኸው፤ የጠየቀህ የለም። እኔም ዝም አልሁ። ባልና ሚስት ከአንድ ማዕድ እንደሚበላ ከአንድ ዝምታም ይበላል።

ቅባቱ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በየዓመቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ንጣፉን በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ፣ አጥበህ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ታስመታዋለህ። ስንጥቅ ካለ በቅጥራን ትደፍነዋለህ። የተልባ ዘይት አሙቀህ፣ በላምባ አቅጥነህ፣ በጨርቅ ትቀባዋለህ፤ ሲመጠው ትደግማለህ፤ ሲጠግብ የተረፈውን ትጠርገዋለህ። ሦስት ቀን ሰውም መኪናም እንዳይረግጠው በሩን ታዘጋለህ። ከተማው ሣቀብህ። እኔም የኔ ጠጉር ቅቤ ካጣ ወር ሲሆነው የአቶ ፈንቴ ደጅ ሦስቴ ይቀባል እያልሁ እቀልድብህ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጣሳ ውሃ ትሰጠኝና አፍስሽው ትለኛለህ። ውሃው እንደ ኮባ ቅጠል ላይ ጤዛ ተንከባልሎ ሲወርድ ፊትህ ይበራል፤ ዘይት በነካው እጅህ ጉንጬን ትነካኛለህ። ከዘመናችን ሁሉ የምትናፍቀኝ ያች ሰዓት ናት። ለሦስት ቀን ይሁን ለዓመት አላውቅም፣ ሸክም ከትከሻህ ሲወርድ አይ ነበር።

ለሥራ ወርደህ ከጫግኒ ይዘኸው የመጣኸው ወባ ሲጥልህ፣ ቄሱ ከወጡ በኋላ እጄን ያዝኸኝ። ስለ ልጁ ወይም ስለ ቤቱ የምትናዘዝ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁ። ደጁን ቀቢው፣ ለማንም አትናገሪ፣ አደራ አልኸኝ። የሟች አደራ ከባድ ነው፤ አንተ ደግሞ ሁለት አደራ በአንድ ትንፋሽ ሰጥተኸኝ ሄድህ።

የመጀመሪያውን ዓመት በጉልበቴ ተንበርክኬ ቀባሁት። ሐዘን ያወጣልሻል ብለው ተዉኝ። ባለፈው ዓመት ግን አቶ ፈንቴ በሩን ሦስት ቀን አልዘጋም አለ። የሚጫን ኑግ ነበረው። የአየነው ሥራ ቅባት አይሻም፣ እኔንም ልጆቼንም ይቀብራል ብሎ መለሰኝ። ለምን መቀባት እንዳለበት እንዳልነግረው አፌን አስረኸዋል። ክረምቱ ያልተቀባው ንጣፍ ላይ ወረደ፤ ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ ጣሪያችንን ሲመታ የምሰማው ግን ቦዩ ላይ ሲመታ ነበር።

መስከረም ላይ ጠጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ፤ ከመንገዱ በኩል ጀምራ በቦዩ መካከል ታልፋለች። ከስንጥቋ እንጉዳይ በቀለ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ከሲሚንቶ! ሰው እየመጣ አየው። አንድ ሽማግሌ እህል የበዛበት ደጅ ድንጋዩም ያበቅላል፣ የበረከት ምልክት ነው አሉ። የአቶ ፈንቴ ልጅ ዘነቡ ነቅላ እየሣቀች ለእኔም አሳየችኝ። እጄ ላይ ስታስቀምጥልኝ ወዲያው መለስሁላት። ምን በልቶ እንደበቀለ አውቃለሁ፤ የሰነጠቅሁት እኔ ነኛ።

በበጋው ደረቀና ረሱት። እኔ አልረሳሁም። ኤንትሬው ሲያልፍ ድሮ ድምፅ አልነበረውም፤ አሁን ከሥሩ እንደሚያቃስት ነገር ይሰማል። በዚህ ግንቦት ዝናብ ሁለቴ ሲጥል እንጉዳዩ ተመልሶ መጣ፤ አሁን አንድ አይደለም፣ ስንጥቋን ይዞ ተሰልፏል። ሰኞ ዕለት በማለዳ ዘይቴን ይዤ ሄድሁ። አፈሰስሁ፤ ጠጣ። ደገምሁ፤ ጠጣ። ጣሳውን ሙሉ ጨረስሁና ዝም ስል ከታች ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። ቦዩ ውስጥ ወርጄ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ገባሁ። ዘይቱ በሌላ በኩል እየወጣ ነው። ሲሚንቶው ተልጦ ቀርከሃው በታየበት ቦታ ጣቴን አስጠጋሁ፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ገባ። አወጣሁትና በቀሚሴ ጠረግሁት።

አየነው፤ የዘነቡ ሠርግ ነገ ነው። ሙሽራው የእንጅባራ ልጅ ነው፤ ወገኖቹ በፈረስ ይመጣሉ፣ ስንት ፈረሰኛ እንደሆነ ከኔ አንተ ታውቀዋለህ። ወጉንም ታውቀዋለህ። የሙሽሪት ወገን በሩን ዘግቶ አናስገባም ይላል፤ ሰርገኛው ይገፋል፣ ይጨፍራል፣ መሬት ይደበድባል። ያ ሁሉ ፈረስና ሰው በሩ እስኪከፈት የሚቆመው የት ላይ እንደሆነ አስብ። የተዘጋ በር ፊት፤ ከቦዩ በላይ።

ሐሙስ ዕለት አደራህን በላሁ። ለአቶ ፈንቴ ሁሉንም ነገርሁት፤ ቀርከሃውን፣ ዝምታህን፣ ዝምታዬን። መጀመሪያ ሣቀ። ቀጥሎ አዘነልኝ፤ እሱ ባሰብኝ። የሺ፣ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ ከሠርጉ በኋላ ጠበል እንወስድሻለን አለኝ። ውረድና ንካው ብዬ ለመንሁት። በሠርግ ሰሞን ቦይ የሚገባ አባት የት አለ፣ ይልቅ ተመልከች ብሎ እንደዚያ ቀን ንጣፉን በእግሩ መታው። ንጣፉም ቻለው። ትናንት ደግሞ ኤንትሬው የድግሱን እህል ጭኖ አለፈበትና እንደ ልጅ አጨበጨበልኝ።

ወደ ልጃችን ሄድሁ። ይበልጣል አልሣቀም። ፊቱ ጠቆረና፣ አባቴን አንድ ጊዜ ቀብረነዋል፣ አንቺ ሁለተኛ አትቅበሪው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት አልገባም። አልፈርድበትም፤ የቆመው በስምህ ላይ ነው። ግን ንገረኝ፣ ስምህን እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው? ያን ንጣፍ ውሃ ሲያልፈው ስምህን የገዛ ሚስትህ እውነት እንኳ አላለፈውም።

ተናድጄብሃለሁ፤ አልደብቅህም። አንዲት ቃል፣ ብረቱ አልደረሰም የምትል አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ አቶ ፈንቴ አንድ ወር ይቆጣ ነበር፤ አበቃ። አፍረህ ዝም አልህ፤ ዕፍረትህንም ለኔ አወረስኸኝ። ቢሆንም ያን ሁሉ ዓመት በጉልበትህ ተንበርክከህ ስትቀባ ያየሁህ እኔ ነኝ። ሰው ሞኝነት ያለውን እኔ ንስሐ መሆኑን ዛሬ አወቅሁ። ክፉ ሰው አልነበርህም። ክፉ ሰው እንዲህ አይፈራም።

ነገ ሁሉም ቅዳሴ ሲሄድ እኔ አልሄድም። ድጅኖ ከጎረቤት ተውሼ በሩ ኋላ አቁሜዋለሁ። ስንጥቋ የት እንደምትሳሳ ጣቴ ያውቀዋል፤ አርባ ጊዜ ብወጋው፣ ስድሳ ጊዜ ብወጋው ይወርዳል። ፈረሰኞቹ ሲደርሱ ጉድጓዱን ያያሉ፤ ከመንገዱ ላይ ይወርዱና በጓሮ በር በእግራቸው ይግቡ። ዘነቡ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ፣ በሕይወት ታልቅስ። እብድ ይሉኛል። ቀርከሃውን ሲያዩ ደግሞ እብድ ማለታቸውን ትተው አንተን ይረግሙሃል። የይበልጣልን የደረጃ ሥራ ይነጥቁታል፤ እሱም ምናልባት እኔን እናቴ አይለኝም። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። አንዱንም አልናቅሁትም።

አንድ ነገር ብቻ እወቅልኝ። እስከ ዛሬ ሰው ያስታወስህ ደጁን እያየ ነው። ከነገ ወዲያ ደጁ የለም። ስምህን በደግ የሚያነሣ አንድም ሰው በዳንግላ ቢጠፋ፣ ልጅህም ቢሆን ዝም ቢል፣ እኔ በየማለዳው አነሣዋለሁ፤ ጥፋትህን ሳልሸሽግ፣ ሙሉውን አንተን። ይህ የኔ ቃል ነው፤ አንተ አደራ ያላልኸኝ።

ሚስትህ የሺ