በእርሳስ የተሞላው ቅጽ

ለውድ ልጄ፣

አላለቀስኩም። አክስትሽ «እናትሽ ትምህርት ቤት ገብታ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች መሀል ተቀምጣ ስታለቅስ ታየች» ብላ እንደጻፈችልሽ ራሷ ነግራኛለች፤ የነገረችኝም ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ካስገባች በኋላ ነው። እንግዲህ ላርም። አንደኛ፣ ክፍሉ አራተኛ እንጂ ሦስተኛ አይደለም። ሁለተኛ፣ የተቀመጥኩት ተጋብዤ ነው። ሦስተኛ፣ እንባዬ የመጣው ስስቅ ነው። በእኔ ዕድሜ ሰው ሲስቅ ዓይኑ ያፈሳል፤ ይህ ለአክስትሽ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ከእኔ የምታንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ስትጠየቅ ስምንት ትላለች እንጂ።

ይህን ካስተካከልኩ ዘንዳ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የመንገዱ አቧራ ጉሮሮሽን ተወልሽ ወይ? ድንኳን ውስጥ አልጋ ገባላችሁ ወይስ አሁንም መሬት ላይ ነው የምትተኚው? ቀያሽ ነኝ ብለሽ ከጉብታ ጉብታ ስትዞሪ በእርጥብ ካልሲ እንዳትውዪ አደራ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል፤ እኔም እንደፈለገ ያጉረምርም ብዬ እወጣለሁ። ልጅሽ ፌንጣ ሁለት ጣት አድጋለች። አንድ ቦታ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ግን አሁንም አልሆነላትም፤ ስሟን በከንቱ አላወጣንላትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንደምታውቂው ፌንጣ ስድስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ስለሆነ ለሰባተኛ ክፍል ትምህርት ቤት መምረጥ ነበረብን። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አርባ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድራል። አሳዳጊ ከነዚህ ሦስቱን በቅደም ተከተል ቅጽ ላይ ጽፎ እስከ ዓርብ ማስገባት አለበት። አንቺ በስልክ፣ ምኑ ይመረጣል እማዬ፣ አንደኛ ላይ ትልቁን ትምህርት ቤት ጻፊ፣ የቀረው መስመር ማሟያ ነው ብለሽኝ ነበር። እኔም የተማርኩበት፣ አንቺም የተማርሽበት ነውና እሺ አልኩሽ። ነገር ግን በዓይኔ ያላየሁትን በፊርማዬ አላጸናም፤ ያሳደጉኝ መምህራን እንዲህ አላስተማሩኝም። የፌንጣ ትምህርት ቤት ጣሪያው ሊጠገን ለአሥር ቀን ሲዘጋ፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ፣ እሷን አስከትዬ፣ ስድስት ቀን ስድስት ትምህርት ቤት አየሁ።

አርባ ሦስት ትምህርት ቤት ማለት አርባ ሦስት በር ያለው አንድ ትምህርት ቤት ማለት ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ይህችን ቃል ከእኔ ብዙ ጊዜ ስለማታገኚያት ደግመሽ አንብቢያት።

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። ቀትር ላይ የጠዋቱ ልጆች ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ፤ በሩ ላይ ያለውን ግፊያ ላንቺ መግለጽ አልችልም፣ ቦርሳዬ ሁለት ጊዜ ያለ እኔ ወጥቶ ተመለሰ። ታዲያ አንዱ ጠረጴዛ የሁለት ልጅ ነው፤ ሁለቱም በዓይን አይተዋወቁም። ፌንጣ ከአንዱ መሳቢያ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከሰዓት በኋላ የምትቀመጪው ልጅ፣ የሂሳብ ፈተናው ከምዕራፍ አራት ነው የመጣው፣ ደግሞ ማስቲካሽን ጠረጴዛ ሥር መለጠፍ ተዪ፣ ቀሚሴን አበላሸሽው ይላል። የሰው ደብዳቤ አይነበብም ብዬ ቆጣኋት። ደብተሬ ላይ ግን «ሥርዓት ደካማ፣ ጉርብትና ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው የሙያ ትምህርት ቤት ነው። አንዲት መከላከያ መነጽር ያደረገች ልጅ አየችኝና፣ እማማ ለአንድ አፍታ ብላ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አነሳችው። ስምንት ወር በክር ታስሮ የኖረውን እጀታ በብሎን አሰረችልኝ። መጀመሪያ ሰው ሳያስፈቅዱ ፊቱ ላይ እጅ እንደማይሰደድ ነገርኳት፤ ቀጥዬ አመሰገንኳት። እሷም፣ ሁለቱንም በደንብ አየሁት እማማ አለችኝ። ምላሷ እንደ እጇ የሠለጠነ ነው።

በማታው ትምህርት ቤት አባትና ልጅ አንድ ክፍል ተቀምጠዋል። አባትዬው የታክሲ ሹፌር ነው። ልጁ መልስ ሲያቀብለው አስተማሪው ያዘው፤ ልጁም፣ ምን ላድርግ ቲቸር፣ አያጠናም እኮ፣ ቤት ሲገባ ኳስ ነው የሚያየው አለ። በአራተኛው ቀን ያየሁት ትንሹ ትምህርት ቤት ደግሞ ዘጠና ልጆች ብቻ ነው ያሉት፤ ርእሰ መምህሩ ራሱ ደወል ይደውላል፣ ራሱ አበባ ያጠጣል፣ ስም ሲጠራ መዝገብ አያይም።

በአምስተኛው ቀን ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ሄድን። ልጄ፣ ያው ነው። የድንጋይ ደረጃው መሀሉ ተቦርብሯል፣ ጸጥታው ግን እንደተቀመጠ አለ። የክብር ሰሌዳው ላይ ስሜ በወርቅ ቀለም ይታያል፤ ያንቺም ከእኔ ሥር ሦስት መደዳ ወረድ ብሎ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ተቀበለኝ። ክፍል ስንገባ አርባ ልጅ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም፤ ደብተሬ ላይ ሙሉ ማርክ ሰጠሁ።

ከዚያ ፌንጣን አየኋት። ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከትታ ተቀምጣለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። ወጥተን መንገድ ላይ ምን ሆንሽ ብላት፣ ሆዴን አመመኝ አለችኝ።

አንቺም እንዲሁ ትዪኝ ነበር። ሰኞ ሰኞ። እኔም ስንፍና ነው እያልኩ ቦርሳሽን አስይዤ እስከ በሩ አደርስሽ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሳላረፍድ።

ስድስተኛው ቀን ቅዳሜ ሊሆን ስለማይችል እስከ ሰኞ ጠብቀን፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረን ከተማው ዳር ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድን። እዚያ መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ልጆች ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት አስተማሪ አለው፤ አንዷ በአፍ ስታስተምር ሌላዋ በእጅ ታስተምራለች። ደወላቸው መብራት ነው፤ ብልጭ ሲል ዕረፍት ሆነ ማለት ነው። እኔ ገና ስገባ አንዱ ልጅ ወለሉን በእግሩ ሲደልቅ አገኘሁትና፣ ይህ ወለል ነው እንጂ ከበሮ አይደለም አልኩ። አስተማሪዋ ሳቅ ብላ፣ እትዬ ጓደኛውን እየጠራው ነው፣ ያኛው ንዝረቱን በእግሩ ይሰማዋል አለችኝ። ደብተሬ ላይ ጽፌው የነበረውን ነቀፌታ ሰረዝኩ። በሰባ ሁለት ዓመቴ የጻፍኩትን ስሰርዝ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እዚያ ሰው ሁሉ በእጅ የሚጠራ ስም ይወጣለታል። አራተኛ ክፍል ውስጥ ወንበር ሰጥተውኝ እንደተቀመጥኩ ልጆቹ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና በእጃቸው ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንዱ መነጽር ወደ ላይ እንደሚገፋ አድርጎ አፍንጫውን ነካ፣ ጣቱን ቀሰረና ሁለት ጊዜ ወዘወዘው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን አለ ብዬ ብጠይቅ አስተማሪዋ ቀላችና፣ ስምዎ ነው አለችኝ። ገና ሰባት ደቂቃዬ እኮ ነው! እንዲህ የሚያሰኝ ምን አደረግኩ ልል ስል እጄን ባየው ጣቴ ተቀስሯል። ያኔ ነው የሳቅኩት። አሳቀኝ ብቻ ሳይሆን ወንበሩን ይዤ ነው ያልወደቅኩት። የአክስትሽ ደንበኛ፣ ያቺ ቀሚስ አሰፍታ የማትወስድ ሴትዮ፣ በመስኮት ያየችው ይህንን ነው።

ፌንጣን ግን ብታያት! ሦስት ዓመት ሙሉ የውጤት ካርዷ ላይ «እጇን አትቆጣጠርም» ተብሎ የተጻፈባት ልጅ፣ እዚያ እጇ ሥራ አገኘ። በአንድ ከሰዓት አርባ ቃል ተማረች፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። ሹሩባ የተሠራች አንዲት መስማት የማትችል ልጅ ጓደኛዋ ሆና፣ ሁለት ጣቷን መዳፏ ላይ እያዘለለች ስም አወጣችላት። ስንመለስ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ በመስኮት በእጃቸው ሲያወሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅሽ ቤት እስክንደርስ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ወንበር ላይ! ታማ እንደሆነ ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ።

ቅጹን እንደልማዴ ሁለት ነው የተቀበልኩት። ረቂቅ በእርሳስ፣ ንጹሕ ቅጂ በቀለም፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ንጹሑን ስጽፍ ረቂቁን እንዳትረብሸኝ ለፌንጣ ሰጠኋት። ትልቁን ሰርዛ አንደኛ ላይ የከተማ ዳሩን ትምህርት ቤት ጽፋ አገኘኋት። እናትሽ ትልቁን ነው ያለችው አልኳት። እማማ፣ እናቴ መች አየችው አለችኝ። ወደ መኝታሽ አልኳት።

ዓርብ ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርሳል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ጸሐፊዋ፣ እማማ ቶሎ በይ ከኋላሽ ሰው አለ አለችኝ፤ እኔም አንዱን አቀበልኳት። እሷም አየት አድርጋ፣ በእርሳስ የተጻፈ አንቀበልም ብላ መለሰችልኝ። እዚያው ጠርዙ ላይ አስደግፌ፣ ብዕሬን አውጥቼ፣ እያንዳንዱን ፊደል በቀለም ደገምኩበት፤ ፌንጣ የምታጣምማትን አንዲት እግርም አቃናሁ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ፣ አይ እማማ፣ ፈተና ላይ ነሽ እንዴ አለ። አስቸኳይ ከሆነብህ ትናንት አትመጣም ነበር ወይ አልኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ወረቀቶቹ የተቀያየሩት በዚህ ሁኔታ ነው። አክስትሽ ዕድሜ ነው ትላለች፤ ትበል።

ስም ዝርዝሩ ባለፈው ሐሙስ ተለጠፈ። ፌንጣ ደርሷታል። እዚያው ግቢ ውስጥ ዘለለች፣ ዘበኛውን አቀፈች፣ እኔንም መሬት ልታስለቅቀኝ ሞከረች። ጣቴን ቀስሬ ልቆጣ ብል ስሜን መጥራት ሆነብኝና ተውኩት።

አንቺ ሕጋዊ እናት ነሽ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈርመሽ ማስለወጥ ትችያለሽ። ንጹሑን ቅጽ፣ ትልቁ ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ የተጻፈበትን፣ አድራሻ ካለው ፖስታ ጋር አብሬ ልኬዋለሁ። የጎደለው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። አልደብቅሽም፣ የከተማ ዳሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ የፈተና ውጤቱም ከትልቁ ያንሳል። ብትፈርሚ አልቀየምሽም። ከመፈረምሽ በፊት ግን ለአንድ ጥያቄ መልሺልኝ፤ ያኔ በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጠይቄሽ ቢሆን የት ትዪኝ ነበር? ሠላሳ ዓመት ዘግይቻለሁ። ዘግይቶ የቀረበ ሥራ ግማሽ ማርክ ያገኝ ነበር፣ ያችኑ ስጪኝ።

ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ዓይንሽን ከአቧራ ይጠብቅ። የቀየስሽው መንገድ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ያድርስ፤ አንቺንም ለዕረፍትሽ በደህና ወደ እኛ ያምጣሽ።

ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአሳዳጊዎች የእጅ ቋንቋ ያስተምራል፤ ተመዝግቤያለሁ። ከፊት ወንበር ነው የተቀመጥኩት። የቤት ሥራ አምስት ቃል ተሰጥቶናል፤ አራቱን ይዣለሁ። ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ፌንጣ ሳትነሳ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። ቀጥዬ የአውቶቡሱን ሰዓት አጣርቼ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ መስታወት ፊት እቆምና አምስተኛዋን ቃል እለማመዳለሁ። «ይቅርታ» ናት። መዳፍ ደረት ላይ ሆኖ በቀስታ ነው የሚባለው፤ አስተማሪዋ የእኔ እጅ ገና ደረቅ ነው ብላኛለች። አንቺ እስክትመጪ ይለዝባል።

እናትሽ