ጥቅልሉን ለሃይም እንዳይሰጡት

ለተከበሩት አባቴ ለአቶ መሶድ፤
ታንጀር።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? ከዘራ መያዝ ጀመሩ ወይስ አሁንም እምቢ እንዳሉ ነው? አክስቴ ሲሚን ያ ሳል ለቀቃት? የባሕሩ ንፋስ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ፣ ባለቤቴ ፒንሃስና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ሰላምታውን ያሳጠርኩት ነገሩ ስላንገበገበኝ ነው። ወንድሜ ሃይም ከማድሪድ ደውሎ፣ አባባ ዓይናቸው ስለደከመ የመጽሐፈ አስቴርን ጥቅልል ለእኔ ሊልኩልኝ ነው፣ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሣጥን አስቀምጠዋለሁ አለኝ። ክው አልኩ። አያታችን በእጃቸው የጻፉት ጥቅልል የእንግዳ ማሳያ ሊሆን! ሃይምን እወደዋለሁ፤ ግን እርስዎም እንደሚያውቁት የአስቴር በዓል ፉሪም ሲመጣ እሱ የሚበረታው ምግቡ ላይ ነው። እባክዎ አባባ፣ ጥቅልሉን ለማንም አይስጡ። ለምን እንደምል ይስሙኝ።

ዘንድሮ እዚህ ለሰፈራችን ሴቶች መጽሐፈ አስቴርን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ አሌግሪያ! በየዓመቱ በምኩራቡ ከሴቶች መጋረጃ ጀርባ ሆነን ሕፃን ስናባብል፣ ልጆቹም የጠላታችን የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ወለሉን ሲደበድቡ፣ ግማሹ ንባብ ያመልጠን ነበር። ሕጉ ደግሞ ሴትም እያንዳንዱን ቃል መስማት አለባት ይላል፤ ሐማ ከደገሰልን ሞት የዳንነው እኛም ነንና። ጎረቤቴ እትዬ ፍሬሃ ሰማንያ አልፏቸዋል። አንድ ቀን፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ንግሥቲቱ ግብዣ ስትጠራ እሰማለሁ እንጂ ሐማ ሲሰቀል ሰምቼ አላውቅም፣ ልክ እዚያ ላይ አንዱ ሕፃን ይጮሃል ብለው አሳቁን። እኔ ግን አንጀቴን በሉት። በሉ እኔ አነብላችኋለሁ አልኩ።

የምኩራቡ አስተዳዳሪ አቶ ኒሲም ይህን ሰምቶ ቤቴ ድረስ ከች አለ። ሴት ለሴቶች ብታነብ ችግር የለውም ብለው ረቢያችን ስለፈቀዱ በዚያ በኩል አልተከራከረኝም። ለመሆኑ የት ተማርሽው አለኝ። አባቴ ወንድሜን ሲያስጠኑ ማዕድ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ሰምቼ፣ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። በሳቅ ፈነዳ! እህቴ፣ በቃሉ ያነበበ እንዳላነበበ ነው፣ ይህንን ሕግ ከሽንኩርቱ ጋር አልሰማሽውም ወይ አለኝ። አናደደኝ፤ ግን እውነቱን ነው። ዓይን ጥቅልሉ ላይ ካልሆነ አይቆጠርም። ጥቅልሉ ደግሞ የአናባቢ ነጥብ የለው፣ የዜማ ምልክት የለው፣ ባዶ ፊደል ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱልኝ፣ ከምኩራቡ በተዋስኩት ጥቅልል ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ። እልህ ያዘኝ፤ የማን ልጅ ነኝና!

የፉሪም ዕለት ጠዋት የሕፃናት መዋያው አዳራሽ በሴት ሞላ። ድምፄ የእርስዎን ዜማ ይዞ ወጣ። አስቴር ሳትጠራ ወደ ንጉሡ የምትገባበት ጋ ስደርስ ሆዴ ባባና ሳላውቀው ዓይኔን ጨፈንኩ። ቃሉ ራሱ ይመጣልኝ ነበር። ድንገት ኳ! አለ፤ እትዬ ፍሬሃ ወለሉን በከዘራቸው መትተዋል። በንባብ መሐል መናገር ስለማይፈቀድ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ወደ ጥቅልሉ ጠቆሙኝ። ሴቱ ሁሉ አየኝ። እዚያው ትቼው ብወጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ዓይኔን ወደጨፈንኩበት ተመልሼ ፊደል በፊደል እያየሁ ደገምኩት። ሐማ ሲሰቀል አንዷ ሕፃን ልትጮህ ስትል እናቷ ቶሎ ብላ ጡት አጎረሰቻት። ስጨርስ እትዬ ፍሬሃ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው፣ ሞተ፣ በጆሮዬ ሰማሁት እያሉ አለቀሱ።

በማግስቱ አክስቴ ሲሚ ደወለች። ወንድሜ፣ አባትሽ፣ ፊቴን እንኳ አይለዩም፣ ግን ዘንድሮም ጥቅልሉን ዘርግተው፣ ቀና ብለው፣ አንድ ቃል ሳይስቱ አነበቡልን ብላ እንደ ጀብዱ አወራችልኝ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። አባባ፣ ያን የአቶ ኒሲምን ሕግ እኔ ለእርስዎ አልነግርም። የሚቆጡኝ ከሆነም ይቆጡኝ። ሃይምን ሄደህ አንብብላቸው ስለው ረስቼዋለሁ አለኝ፤ እዚያ ከቀራችሁት ሽማግሌዎች መሐልም ሌላ የሚያነብ እንደሌለ አውቃለሁ። ሴት ለወንድ ታነባለች ወይ ብዬ ረቢያችንን ጠየቅኋቸው። ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም፣ ብዙዎቹም አይሆንም ይላሉ፣ የሚያነብ ወንድ ከጠፋ ግን የፈቀዱትን መከተል ይቻላል አሉኝ። ከዚህ በላይ ማንንም አልጠይቅም።

ለሚመጣው ፉሪም እመጣለሁ። ፒንሃስም ሂጂ ብሎኛል። ጥቅልሉ እዚያው ቤትዎ ይጠብቀኝ። ዜማውን ካበላሸሁ፣ ከንባቡ በኋላ ይገሥጹኛል። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እኔ መቼ አንብቤ አውቃለሁ ስትልዎ፣ አይዞሽ፣ የሰማ እንዳነበበ ነው ይሏት ነበር። አባባ፣ አሁን ተራው የእርስዎ ነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እርስዎ ይሰሙኛል።

አክስቴ ሲሚን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነብልዎ ይቆጣሉ ብላ አንድም መስመር እንዳትዘል። ጎረቤታችሁን ወይዘሮ ዙህራን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። ፒንሃስ እጅ ይነሳል፤ ልጆቹም ጉልበትዎን ይስማሉ።

ልጅዎ አሌግሪያ

ቤት ሸአን፤ በአዳር ወር 22 ቀን 5758