ሊነክስ የጫንኩ ሰሞን

ጥቅምት 5
ሱቅ ውዬ መጣሁ። ሁለት መጋረጃ ሸጥኩ፣ ሌላ የለም። ኮምፒውተሬ ዛሬም «ይህ ዊንዶውስ ከእንግዲህ አይታደስም» አለኝ። አዲሱን ደግሞ አይችልም፣ አርጅቷል። እና ልጣለው?

ሀይማኖት ከቢቸና ደወለች። ዩኒቨርሲቲ ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ ጌም አብራኝ የምትጫወት እሷ ናት። «በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ ጫኚበት፤ ነጻ ነው፣ ይፈጥናል» አለች። የባሕር ዳሩ የጌም ውድድር ማጣሪያ ኅዳር ላይ ነው፤ በየቤታችን ሆነን በኢንተርኔት። ሁለታችንም ተመዝግበናል። ማለፍ እፈልጋለሁ... በጣም።

ጥቅምት 9
ጫንኩት። መሃል ላይ «ሁሉም ይጥፋ?» ሲለኝ ይጥፋ አልኩት። ዊንዶውሱም አብሮ ሄደ። መሄድ ነበረበት?

ጥቅምት 13
ዙህር ሰግጄ ልምምድ ገባሁ። ጌሙ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ኮምፒውተር... ምን ነክቶት ነው?

ጥቅምት 20
ማጣሪያው የግድ የሚፈልገውን ፕሮግራም ልጭን አልኩ። አጭበርባሪ የሚይዝ ነው። ሊነክስ ላይ አልገባም አለ። እኔ መች አጭበረበርኩ? ጌሙ ይሠራል፣ ውድድሩ አይሠራም... ግራ ገባኝ።

ለሀይማኖት ደወልኩ።
«እኔ እኮ ዊንዶውሱን ከሊነክሱ ጎን ትቼዋለሁ። አንቺ አጠፋሽው?»
«ይጥፋ ወይ ሲለኝ...»
«ትጠይቂኝ አልነበር?»
«አንቺስ አትነግሪኝም ነበር?»
ማን ቀድሞ እንደዘጋ አላውቅም።

እማ ሰምታ ኖሯል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች። ተናደድኩ። እውነቷን ነው።

ጥቅምት 24
ኮምፒውተር ጠጋኙ ኸይረዲን ዘንድ ወሰድኩት። አሮጌው ዊንዶውስ ቢመለስም ፕሮግራሙ አይቀበለውም አለ። አዲሱን ብቻ ነው የሚፈልገው።
«ሊነክስ ባልጭንስ ኖሮ?»
«ያው ነበር።»
ታዲያ ሀይማኖትን በምን ተጣላኋት? መደወል አለብኝ... አፈርኩ።

ጥቅምት 25
ደወልኩ። ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ «ለማጣሪያው እኔ ጋ ነይ» አለች።

ኅዳር 6
ቢቸና ደርሼ ተመለስኩ። ማጣሪያው የሁለታችንም በተመሳሳይ ሰዓት ነበር። የሚያስገባው ኮምፒውተር ግን የእሷ ብቻ። ይህን ስትጠራኝ ታውቅ ነበር? ወንበሩን ሳበችልኝ።
«ተቀመጪ።»
«ያንቺስ?»
«አንቺ ትበልጪኛለሽ። አታድርቂኝ፣ ተቀመጪ።»

አለፍኩ። ከኋላዬ ቆማ አጨበጨበችልኝ፤ ከልቧ ነው። ባሕር ዳር ብቻዬን ልሄድ ነው። ደስ ብሎኛል... ብሎኛል? ወደ ቤቴ፣ ሞጣ እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ያሰብኩት ሌላ ነው። «ያንቺስ?» ያልኳት አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሳላስለምናት ተቀመጥኩ።